ትራሴ ሥር ያለው ብረት

ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ተነስተው አቀፉኝ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ዞርኩ። «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» አሉኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ትንሽ ቆየሁ። ምን ልሠራ እንደገባሁ አላውቅም። አላለቀስኩም።

በሥራዬ አራስ እናቶችን «የሚሰማችሁን ጻፉት» ብዬ ስለምመክር እኔም ይህን ደብተር ገዛሁ። የምጽፈው ለሥራዬ እንዲረዳኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። አማቴ እትዬ ብርቄ እስካሁን ወደ አገራቸው ወደ ቢታ ገነት አልተመለሱም። ልጄ ሊና ክርስትና ከተነሳች ቆይቷል። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ አራስ ጠያቂውም አራስ ጠባቂውም ወደየቤቱ መሄድ ነው ወጉ። እሳቸው ግን አሁንም ፍራሻቸውን ከአልጋዬ አጠገብ አንጥፈው ያድራሉ፤ ባሌ ሳምሶን ሳሎን ተሰድዷል። አሁንም «አራሷ» ይሉኛል። ከትራሴ ሥር ያስቀመጡት ቢላዋም እንዳለ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ መጥፎ ነገር እንዳይቀርባት ብረትም ከራስጌዋ አይጠፋም ይባላል። ይኸው ሁለተኛ ዲግሪ ያላት ሳይኮሎጂስት ቢላዋ ተንተርሳ ታድራለች። ሰልጣኞቼ ቢያዩኝ ይስቁብኛል።

ሰኔ 12

ማንኪራ ገጠር፣ አራሶችን ቤት ለቤት ልጠይቅ ወጣሁ። ዝናብ። ሞተር ሳይክሉ ሁለቴ ጭቃ ላይ ጣለን።

ተሾመች የምትባል እናት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ገንፎ ይበላል፣ ይሳቃል። አማቷ ከጎኗ፣ እናቷ ከጎኗ። እንቅልፍስ? ተመስገን። ምግብስ? ተመስገን። ፍርሃት፣ ሐዘን? ተመስገን። ደህና ናት ብዬ ወጣሁ። እዚህ አገር ሁሉም እናት ደህና ናት። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ በስልክ «ካፋ ውስጥ የከፋው ሰው የለም ወይ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ሰኔ 18

ዛሬ አልጋ ላነጥፍ ትራሴን ሳነሳ ቢላዋው የለም። በቦታው የሾርባ ማንኪያ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ቢላዋው የት ሄደ?» አልኩ።

«ማንኪያም ብረት ነው» አሉ፣ ሊናን ቅቤ እየቀቡ።

«ቢላዋው ምን ሆነና?»

«ደነዘ።»

ሽንኩርት ልከትፍ ማድ ቤት ገባሁ። እዚያም ቢላዋ የለም። ትልቁም የለም፣ ትንሹም የለም። እሳቸው ተከትለውኝ መጡና «እኔ እከትፋለሁ፣ አራስ ሽንኩርት አይነካትም» አሉ። ከመቀነታቸው ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሿን ቢላዋ አውጥተው ከተፉ፤ አጠቧትና መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጧት። አላበላሸሁት፣ አልሰረቅኩት፤ ከእኔ ምን ይሰውሩታል?

ለሳምሶን ነገርኩት። ሳቀ። «እናቴን ታውቂያት የለም? በየጊዜው አዲስ ወግ ታወጣለች» አለ። እኔም ሳቅኩ። ግን ቀኑን ሙሉ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደብተሩ ለዚሁ አይደል። ቢላዋው አለመኖሩን ሳይ ቀለል አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እየቆረቆረኝ ኖሮ ይሆናል።

ሰኔ 24

አልተኛሁም። ሊና ተኝታለች። እትዬ ብርቄም ተኝተዋል ብዬ ዞር ስል ዓይናቸውን ገልጠው እያዩኝ ነው። ምን ይጠብቃሉ?

ሰኔ 27

ከተማ ውስጥ «በማስተዋል ማሳደግ» የሚለውን ትምህርት ለወላጆች ሰጠሁ። «ልጃችሁን ስታቅፉ ስልካችሁን አስቀምጡ። ዓይኗን እዩ፣ ትንፋሿን ስሙ። ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ አይሂድ፣ እዚያው ሁኑ» አልኩ። አንድ አባት እጁን አነሳ። «እሺ ዶክተር፣ እዚያው ሆነን ምን ሊሰማን ነው?» አለ። «ፍቅር ነዋ!» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ብናገርም ግን ማንም አይሰማኝም።

ማታ እኔም ሞከርኩት። ሊናን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ስልኬን አጠፋሁ። አየኋት፣ አየችኝ። መነኸሪያ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት «አንዴ ያዢልኝ» ብላ ልጇን ሰጥታኝ የሄደች ነበር የሚመስለው። ባለቤቷ እስክትመጣ እንደምጠብቅ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ እትዬ ብርቄ መጥተው ወሰዷት።

ድካም ነው። የመጀመሪያው የሥራ ወር ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

ሐምሌ 1

እትዬ ብርቄ ጓሮ ሆነው ቢታ ገነት ካለችው እህታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ካፊኖኖና አማርኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ የካፊኖኖውን ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። አማርኛው ግን ግልጽ ነው፦ «አልሄድም፣ እንዴት ጥያት እሄዳለሁ… እንደ እኔ እንዳትሆን ነው የምሰጋ… ካልሆነም ሕፃኗን ይዤ እመጣለሁ።»

እንደ እኔ እንዳትሆን! ማን ነው እንደ እሳቸው የሚሆነው? እኔ ተምሬያለሁ፣ ደመወዝ አለኝ፣ ልጄን በሥርዓት ማሳደግ አያቅተኝም። የእሳቸው ፍላጎት ሊናን መውሰድ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው የማይሄዱት። ቢላዋውም ምራትን በገዛ ቤቷ እንግዳ የማድረግ ዘዴ መሆን አለበት።

ንድድ አለኝ። ግን «ይዤ እመጣለሁ» ሲሉ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። እፎይታ ነበር። ሊና ቢታ ብትሄድ ከእኔ ርቃ ምንም አትሆንም ብዬ አሰብኩ።

ከእኔ ርቃ? ይህን ለምን እንደጻፍኩ አልገባኝም። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።

ሐምሌ 9

ተሾመች ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጥታ ቡናው ጫካ ውስጥ ገባች አሉ። ቀፎ ሊያይ የወጣ ሰው ነው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያገኛት።  ያ ሁሉ «ተመስገን»! በአማቷ ፊት፣ በእናቷ ፊት፣ ገንፎ በሚበላው ሰው ሁሉ ፊት ጠይቄያት ምን እንድትለኝ ኖሯል? ለሰጣት አምላክ ምስጋና መንሳት አይሆንባትም?

ዛሬ ማንኪራ ሄድኩና «እስቲ ሸኚኝ» ብዬ ከቤት ይዣት ወጣሁ። በእግር መንገዱ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ከተመስገን ቀጥሎስ ምን አለ?» አልኳት።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ መለሰችልኝ። «ሰው ሁሉ እያለ ደህና ነበርኩ። ክርስትናው አለቀና ሁሉም ሲሄድ መጣብኝ። እትዬ፣ ልጄን ጠልቼ አይደለም። እንዳልጎዳት ፈርቼ ነው የሸሸሁት።»

አስረዳኋት። እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ እናቶች ላይ እንደሚመጣ፣ ክፉ ስለሆነች እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የምትፈራው ስለምትወዳት እንደሆነ፣ ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም ነገርኳት። ዛሬውኑ ከሕክምና ጋር አገናኘኋት፤ እናቷም አብራት ልታድር ተስማማች። እያለቀሰች እጄን ሳመችው። ከተቀጠርኩ ወዲህ እንደዛሬ በትክክል የሠራሁበት ቀን የለም።

ታዲያ ቤት ስደርስ ለምን ሊናን ሳላይ በቀጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ? ብርዱ ነው።

ሐምሌ 18፣ ዋጫ

ለአዋላጅ ነርሶች ሥልጠና ልሰጥ ዋጫ ከተማ መጥቻለሁ። ማረፊያዬ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዛሬ የሆነውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ግራ ገብቶኛል።

ከተሾመች በኋላ አጠያየቃችንን ቀይሬዋለሁ። አንደኛ፣ ቤተ ዘመድ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከክርስትናው በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ «ተመስገን» ስትላችሁ «ከተመስገን ቀጥሎስ?» በሉና ዝም በሉ። ይህን በትወና ልንለማመደው ነበር። እናት ሆና የምትጫወት ስትጠፋ እኔ ገባሁ። ጠያቂዋ ናዝራዊት ነበረች፣ ከእኛው ከተማ ከቦንጋ የመጣች ወጣት አዋላጅ።

ነጠላዬን አጣፋሁና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰልጣኞቹ «አራሷ መጣች! እልል!» እያሉ ቀለዱ። ናዝራዊት ጠየቀችኝ፣ «ተመስገን» አልኩ። «ከተመስገን ቀጥሎስ?» አለች፤ እንዳስተማርኳት ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝ። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ልጄ ስትተኛ መተኛት እንደማልችል፣ ስታለቅስ ድምጿ ከሩቅ ሰፈር እንደሚመጣ እንደሚሰማኝ፣ ብቻዬን ይዣት ደረጃ መውረድ እንደምፈራ፣ ስለታም ነገር ሳይ ፊቴን እንደማዞር፣ ሰው «አምሮብሻል» ሲለኝ ስለ ማን እንደሚያወራ እንደማይገባኝ ነገርኳት። የሚሳቀው ቀርቶ ነበር።

ሲያልቅ ጭብጨባ! ከኋላ የተቀመጠው ኢሳያስ «እትዬ አብርሆት፣ ቴአትር ቤት ነው መግባት የነበረብዎ!» አለ። ጎንበስ ብዬ ምስጋና ተቀበልኩ። ናዝራዊት ብቻ አላጨበጨበችም።

ሻይ ሰዓት ላይ መጣችና «ያን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከብዙ እናቶች» አልኳት። እውነት ነው። ከብዙ እናቶች ነው። አንድ ባለሙያ የሌላውን ስሜት ወደ ራሱ ማምጣት መቻል አለበት።

ግን ስለ ደረጃው የነገረችኝ እናት የትኛዋ እንደሆነች ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። አልመጣልኝም።

ነሐሴ 4

ከሳምሶን ጋር ተጣላን።

እትዬ ብርቄ ሊናን ሲያጥቧት ሁልጊዜ እኔ በር ላይ እቆማለሁ። ዛሬ እሱ «አንቺስ ለምን አታጥቢያትም?» አለኝ። ሳሙናው ያንሸራትታል፣ አልኩ። «ሁለት እጅ አለሽ አይደል?» አለ። ሁለት እጅ እንዳለኝማ አውቃለሁ! ችግሩ እሱ አይደል! ጮኽኩበት። እናትህ ቤቴን ወረሱት፣ ቢላዬን ደበቁ፣ ልጄን ሊነጥቁኝ ነው፣ ይሂዱልኝ አልኩ። ሳምሶን የንብ እርባታ ባለሙያ ነው፤ ንብ ሲቆጣ ቀስ ማለት ያውቅበታል። ቀስ አለ። «እሺ፣ ፍልሰታ ይፈታና እሸኛታለሁ። ያሳዝናታል ግን» አለ።

እትዬ ብርቄ ሁሉንም ሰምተዋል።  እራት ላይ የእኔን ድርሻ ከሁሉ አብልጠው አቀረቡልኝ።

የፈለግኩት ሆነልኝ። ለምን ነው ታዲያ እራቱን ሳልነካ የተነሳሁት?

ነሐሴ 17

ሄዱ። ሳምሶን መነኸሪያ አደረሳቸው። ሊናን ሳሟት፣ እኔንም ሳሙኝ፤ ከጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው «ማንኪያውን እንዳታነሺው» አሉኝ። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!

ሞግዚት እስክትገኝ ፈቃድ ወስጃለሁ። ቤቱ የእኔ ሆነ። ሰፊ ነው።

ነሐሴ 19

ሳምሶን ጠዋት ለመስክ ሥራ ወጣ፣ ነገ ነው የሚመለሰው።

ቤቱ ዝም ብሏል። ሊና ተኝታለች።

ሎሚ ልቆርጥ ቢላዋ ፈለግኩ። አንድም የለም። ይዘዋቸው ሄደዋል! ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ቢላዎቹን ምን አደረጓቸው?» አልኩ። «ምን ልትቆርጪበት ነው?» አሉኝ። «ሎሚ» አልኩ። እሳቸው ግን «ሕፃኗ የት ናት?» አሉ። ምን አገናኘው?

ነቃች። ታለቅሳለች። ወተቱን ሰጠኋት፣ አልወሰደችም።

ለጎረቤቴ ለአስማ ሰጠኋት። ለትንሽ ጊዜ ነው። ጭንቅላቴን ስላመመኝ አየር ልውሰድ።

ነሐሴ 20

ትናንት ከከተማ ወጥቼ በእግሬ ሄጄ ነበር። ዝናብ ነበር። አንድ የሚያውቀኝ ሹፌር አይቶኝ ቆመና «እትዬ አብርሆት፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አለ። መልስ ፈለግኩ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ከሊና እየራቅኩ መሆኑን ብቻ ነው። «ወደ ቤት» አልኩት። መለሰኝ። አስማ ነጠላዬን ጨምቃ አሰጣችልኝ፣ ሊናን ራሷ ጋ አሳደረችልኝ፣ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ በጊዜ በር ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናቸው። ከቢታ በመጀመሪያው መኪና መጥተዋል። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከዚያው ከነጭቃው አልፈው መኝታ ቤት ገቡና ትራሴን አነሱ። ማንኪያው አለ። ተቀመጡ።

እንዲህ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ የወጣች ሌላ እናት አውቃለሁ። ስሟን አሁን መጻፍ አልፈልግም።

ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ አርፍዶ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው እየተባለ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ይጮሃል። እትዬ ብርቄ ሊናን አራቁተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ።

«ነይ፣ አንቺ ያዣት» አሉኝ።

«እርስዎ ይያዟት፤ መሬቱ ያንሸራትታል።»

«ሌላስ?»

«ምንም። ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«ተመስገኑን ለእግዜር ተይለት። የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

 ሊናን በነጠላቸው ጠቅልለው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ዝናቡ ላይ እንዳደረጉ ማውራት ጀመሩ።

«ሳምሶንን ስወልድ ቢላዋው ትራሴ ሥር ነበር። እንዳላየው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛ። ልጁ በቀኜ፣ ቢላዋው ከሥሬ። ለማን ይነገራል ይሄ? ምን ሰው ነኝ ትያለሽ ለራስሽ። አንድ ቀን አማቴ ትራሴን አነሱና ቢላዋውን ወሰዱ፣ ማንኪያ አስቀመጡልኝ። አልጠየቁኝም፣ አልነገርኳቸውም። ቢላዋው ሄደ እንጂ ፍርሃቱ አልሄደም። ሁለት ክረምት ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። ልጄን የሳምኩት መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። እንደ እኔ እንዳትሆኚ ነው የፈራሁልሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?» አልኩ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«የተማርሽ ነሽ! ሥራሽ አይደል? ይሄን እሷ ታጣዋለች ወይ፣ እኔ መሃይሟ ምን አውቄ እጠይቃታለሁ እያልኩ። አንቺም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነሽብኝ። እኔም እንደ አማቴ ቢላዋ ደበቅሁና የጠየቅሁሽ መሰለኝ።»

ያኔ አልኩት። ጮክ ብዬ አልኩት። «እትዬ፣ ልጄን እንዳልጎዳት እፈራለሁ። ቀን ከሌት እፈራለሁ። ሌላ ምንም አይሰማኝም።»

አላማተቡም፣ አልደነገጡም። «አውቃለሁ፣ ልጄ። አሁን ነይና ያዣት፣ እጅሽን ደግሞ እኔ እይዝልሻለሁ» አሉ። ያዝኳት። እጄ በሊና ጎን፣ የእሳቸው እጅ በእጄ ላይ ሆኖ ወደ ዝናቡ ዘረጋናት። ብርዱ ሲነካት እሪ አለች። አልለቀቅኳትም። ከቅርብ ነበር የሰማኋት።

ለናዝራዊት የደወልኩት እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ነው። «ደረጃውን የምትፈራዋ እናት…» ብዬ ጀመርኩ። «አውቃታለሁ፣ ስልኳን እየጠበቅኩ ነበር» አለችኝ።

መስከረም 5 ቀን 2018

ሆስፒታል ሄድን። ሳምሶን ውጪ ሊናን ታቅፎ ቀረ። ነገሩን ስነግረው «ሳሎን መተኛት አልነበረብኝም» ነበር ያለው። ናዝራዊት እንደ ደንቡ እትዬ ብርቄን «እማማ፣ አንዴ ውጪ ይጠብቁን» አለቻቸው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቆዩልኝ አልኩ። ናዝራዊት ጠየቀች። «እንቅልፍስ?» ስትለኝ እንደለመድኩት «ተመስገን» አልኩ።

«ከተመስገን ቀጥሎስ?» አለች።

መለስኩላት። እናት ሆኜ አልተወንኩም፣ ጭብጨባም አልነበረም። መድኃኒት ተጀመረልኝ፣ በየሳምንቱ የማየው ሐኪም ተገኘልኝ። ቶሎ ይሻልሻል ያለኝ የለም፤ ይሻልሻል ነው ያሉኝ። እኔም ለሌሎች የምለው እንዲሁ ነው። ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ግን ለየት ይላል።

ማታ እትዬ ብርቄ አልጋዬን ሲያነጥፉ ትራሴን ይዘው ቆሙ። «ቢላዋውን ልመልሰው ወይስ ማንኪያው ይቆይ?» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

አሰብኩበት።

«ማንኪያው ይቆይ፣ ገና ነኝ» አልኳቸው።

«እሺ፣ አራሷ» አሉና መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።